ፓስታ ልሁን ያለ ዱባ

ሬንዞ፦ ይሄ እኮ ዱባ ነው!

ዌንደል፦ ዱባ ነው።

ሬንዞ፦ እኔ ስፓጌቲ ዱባ ነው ያልኩህ።

ዌንደል፦ እሱ ነው።

ሬንዞ፦ ታዲያ ስፓጌቲው የታለ?

ዌንደል፦ ውስጡ ነው።

ሬንዞ፦ ማን ከተተው?

ዌንደል፦ ማንም። አብሮት ነው ያደገው።

ሬንዞ፦ (ዱባውን ወደ ጆሮው አስጠግቶ እየነቀነቀ) አይሰማም።

ዌንደል፦ ምኑ?

ሬንዞ፦ ስፓጌቲው። ደረቅ ቢሆን ይንኳኳ ነበር። (ዌንደል አፍጥጦ እያየው መሆኑን ሲያስተውል ዱባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ) አውቄ ነው እኮ። አንተን ልፈትን ብዬ ነው።

ዌንደል፦ አለፍኩ?

ሬንዞ፦ ለጥቂት።

(ይህ የሆነው በኦሃዮዋ ያንግስታውን ከተማ፣ በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በሬንዞ ፓልሚየሪ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ሬንዞ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ጣሪያ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ በስልሳ ስምንት ዓመቱ የማያውቀው ነገር የሌለ ሰው ነው። ዌንደል የግድግዳ ጎረቤቱ ነው። ሠላሳ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነድቷል፤ ያን ሁሉ ጩኸት ከኋላው ሲሰማ ስለኖረ ይመስላል፣ እሱ ራሱ ሲናገር ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል ነው። የሬንዞ ሚስት ሮዛሊ ሻንጣዋን ይዛ ፒትስበርግ እህቷ ቤት ከገባች ዛሬ ስምንተኛ ቀኗ። ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለራት ትመጣለች። ትቅር ወይ ትመለስ፣ ራቱን ቀምሳ ነው የምትወስነው።)

ዌንደል፦ እስቲ መጀመሪያ ምን እንደተባባላችሁ ንገረኝ።

ሬንዞ፦ ምን እንባባላለን! ሐኪሙ ደወለ፣ እሷ አነሳች፣ የሚላትን ወረቀት ላይ ጻፈች፣ ዘጋች። "ስኳር ተገኝቷል። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ፓስታ ቀርቷል፤ በሱ ፋንታ ስፓጌቲ ዱባ ነው" አለች።

ዌንደል፦ አንተስ?

ሬንዞ፦ እኔማ ሁለት ቃል ብቻ ነው የተናገርኩት።

ዌንደል፦ ሁለት ቃል? ግቢዬን እየጠረግኩ እሰማህ ነበር እኮ። ቅጠሉን ጠርጌ ጨረስኩ፣ ከረጢት ውስጥ ከተትኩ፣ ከረጢቱን አሰርኩ፤ አንተ ገና አያትህን ከመርከብ አላወረድካቸውም።

ሬንዞ፦ አያቴን ካላነሳሁማ ምኑን ተናገርኩት! ሰውየው ከጣልያን፣ ከአብሩዞ ሲመጡ በአንድ እጃቸው ልጅ፣ በሌላው የፓስታ ድስት ይዘው ነው። "በፓልሚየሪ ቤት ዱባ የሚበላ አሳማ ብቻ ነው" አልኩ። በቃ።

ዌንደል፦ ሮዛሊስ ምን አለች?

ሬንዞ፦ "ልጨርስ" አለች። እኔ ግን ገና አልጨረስኩም ነበር።

ዌንደል፦ ከዚያ በኋላስ አልደወለችም?

ሬንዞ፦ በየቀኑ እደውላለሁ። "ነገሩ ገባህ ወይ?" ትለኛለች። "ገባኝ" እላታለሁ። "ዱባውን ትበላለህ ወይ?" ስትለኝ አያቴን ላስታውሳት እጀምራለሁ፤ ትዘጋዋለች። ትናንት ግን ተሸነፍኩ። "እበላለሁ፤ ራሴ ሠርቼ፣ በዶሮና በክሬም፣ እንደ ጣልያን ወግ አቀርብልሻለሁ" አልኳት።

ዌንደል፦ ሠርተህ ታውቃለህ?

ሬንዞ፦ አርባ አንድ ዓመት ስትሠራ አይቻለሁ። ከዚህ ወዲያ ምን ትምህርት አለ! (አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድቶ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው) በል ሌላውን ከከረጢቱ አውጣ። ዶሮ?

ዌንደል፦ የደረት ሥጋ፣ አጥንት የሌለው።

ሬንዞ፦ ፎርማጆ?

ዌንደል፦ ይኸው። ቆስጣው ይኸው። ነጭ ሽንኩርቱም።

ሬንዞ፦ ክሬሙ?

ዌንደል፦ ይኸውልህ።

ሬንዞ፦ (ቱቦውን ከዓይኑ አርቆ አነበበ) "ለደረቀ እጅና ለተሰነጠቀ ተረከዝ።"

ዌንደል፦ ሻጯ ራሷ ትቀባዋለች፤ በጣም ጥሩ ነው አለችኝ።

ሬንዞ፦ ዌንደል፣ ይሄ ዶሮ ተረከዝ አለው?

ዌንደል፦ "ክሬም አምጣ፣ ሮዛሊ ክሬም ነፍሷ ነው" አልከኝ። ስጦታ መሰለኝ። ሚስቱ ጥላው የሄደች ሰው ስጦታ ቢይዝ አይከፋም ብዬ...

ሬንዞ፦ የወተት ክሬም! ወጥ ውስጥ የሚገባ!

ዌንደል፦ እሱማ እኔ ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ። አመጣዋለሁ።

ሬንዞ፦ በፀሐይ የደረቀውስ ቲማቲም?

ዌንደል፦ እሱ አልደረሰም።

ሬንዞ፦ አልደረሰም ማለት?

ዌንደል፦ ከጠዋት ጀምሮ የመኪናዬ ጣሪያ ላይ አስጥቼዋለሁ። ፀሐዩ ግን አራት ሰዓት ላይ ጠፋ። አንዱን ደግሞ ሽኮኮ ወሰደችው።

ሬንዞ፦ (ራሱን ይዞ) አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ! የደረቀ ነው የሚገዛው፣ ሰውየው! ደርቆ፣ ታሽጎ!

ዌንደል፦ ለምን ይገዛል? ሮዛሊ ያደረቀችው ምድር ቤት አለ አይደል? ከደረጃው ሥር፣ በጠርሙስ፣ ዘይት ውስጥ።

ሬንዞ፦ የኔ ምድር ቤት?

ዌንደል፦ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ታደርቃለች። ጠርሙሶቹን ተሸክሜ የማወርድላት እኔ ነኝ።

ሬንዞ፦ ያኔ እኔ የት ሆኜ?

ዌንደል፦ ቲማቲም እንዴት እንደሚደርቅ እያስረዳኸን።

(ዌንደል አንድ ጠርሙስ ከምድር ቤት፣ አንድ ጣሳ ክሬም ከቤቱ አምጥቶ ሲመለስ ሬንዞ ሽርጥ ታጥቆ፣ ትልቁን ቢላዋ ይዞ ዱባው ፊት ቆሟል። ቢጫ፣ ሞላላ፣ ልሙጥ ዱባ ነው። ሬንዞ እንደ ጠላት ያየዋል።)

ሬንዞ፦ ዱባ ሲቆረጥ ሕግ አለው። በቁመቱ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ጣልያን ውስጥ እንደዚያ ነው።

ዌንደል፦ ጣልያን ሄደህ ታውቃለህ?

ሬንዞ፦ እኔ አልሄድኩም፤ ደሜ ግን ከዚያ ነው የመጣው።

ዌንደል፦ ደምህ ዱባ ሲቆርጥ ነበር?

ሬንዞ፦ ወደዚያ በል! (ቢላዋውን በኃይል ሰካው። ሁለት ጣት ያህል ገባና ተቀረቀረ። ቢላዋውን ሲያነሳ ዱባው አብሮ ተነሳ፤ ሲያወርደው አብሮ ወረደ።) ያዘው! ዱባውን ያዘው!

ዌንደል፦ ያዝኩት። አሁን አንተ ቢላዋውን ያዝ።

ሬንዞ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!

(ሁለቱም ጎተቱ። ቢላዋው በሬንዞ እጅ ቀረ፤ ዱባው ከዌንደል እጅ አመለጠ። ጠረጴዛውን አቋርጦ፣ ወለሉ ላይ ተንከባሎ፣ ዌንደል ክፍት በተወው በር በኩል የምድር ቤቱን ደረጃ አንድ በአንድ እየቆጠረ ወረደ። ከታች የሚሰበር ነገር ድምፅ ተሰማ። ዌንደል ተከትሎት ወረደ።)

ሬንዞ፦ (ከላይ ሆኖ) ተሰበረ?

ዌንደል፦ (ከታች) ዱባው ደህና ነው!

ሬንዞ፦ ታዲያ ምኑ ነው የተሰበረው?

ዌንደል፦ አማትህ የሰጧችሁ የአበባ ማስቀመጫ!

ሬንዞ፦ ተመስገን። እሱማ ይሰበር። (ዌንደል ዱባውን ታቅፎ ብቅ ሲል) መጋዝ ላምጣ?

ዌንደል፦ ከመጋዙ በፊት በሹካ ወጋ ወጋ አድርገን ጥቂት ብናሞቀው ይለሰልሳል። ሳይወጋ ከሞቀ ግን ይፈነዳል።

ሬንዞ፦ ማን ነገረህ?

ዌንደል፦ ላዩ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት።

ሬንዞ፦ እኔም እሱኑ ልልህ ነበር።

(ዱባው ተወግቶ፣ ሞቆ፣ ወጣ። ሬንዞ ለሦስተኛ ጊዜ ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ ዌንደል ቆርጦ ጨርሶታል። በወርዱ።)

ሬንዞ፦ በወርዱ! በቁመቱ አላልኩህም?

ዌንደል፦ ተጋድሞ ነበር እኮ። ሲጋደም ቁመቱ የቱ ነው?

ሬንዞ፦ (ዱባውን በግራም በቀኝም አየው) ፍሬውን አውጣ። ዘይት ቀባው፣ ጨው ነስንስበትና የምድጃው ፉርኖ ውስጥ ክተተው።

ዌንደል፦ አርባ ደቂቃ ይፈልጋል። እስከዚያ ለሮዛሊ የምትላትን ብንለማመድስ?

ሬንዞ፦ ልምምድ ለኔ?

ዌንደል፦ እኔ ሮዛሊ ልሁን። (የጠረጴዛ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በሩ አጠገብ ቆመ) መጣሁ።

ሬንዞ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) ሮዛሊዬ፣ እንኳን በደህና መጣሽ። በመጀመሪያ ደረጃ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በእርጋታ ስንመረምረው...

(ዌንደል በሩን ከፍቶ ወጣ።)

ሬንዞ፦ የት ነው?

ዌንደል፦ (ከውጭ) ፒትስበርግ።

ሬንዞ፦ ተመለስ! እሺ፣ ሌላ እላለሁ። "ሮዛሊዬ፣ አያቴ ከአብሩዞ ሲመጡ..."

ዌንደል፦ (አሁንም ከውጭ) መኪና አስነስቻለሁ!

(ሬንዞ ሳቁ መጣበት፤ ግን አልሳቀም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ዌንደል ሲገባ ጓደኛው ጸጥ ብሎ የፉርኖውን መስታወት ያያል። ሠላሳ ዓመት ሲጎራበቱ እንዲህ ጸጥ ብሎ አይቶት አያውቅም።)

ሬንዞ፦ እናቴ እግሯን ያጣችው በስኳር ነው።

ዌንደል፦ አላወቅኩም ነበር።

ሬንዞ፦ መጀመሪያ አውራ ጣቷን። ከዚያ እስከ ቁርጭምጭሚቷ። "ትንሽ ፓስታ ምን ታደርገኛለች" ትል ነበር። የማጎርሳት እኔ ነበርኩ፣ ዌንደል። በዚህ እጄ። (እጁን አየው) ሮዛሊ "ስኳር" ስትል እኔ የሰማሁት ያንን ነው። ፈርቼ ነው የጮህኩት። እኔ ስፈራ ወሬ አበዛለሁ።

ዌንደል፦ ለምን እንዲህ ብለህ አልነገርካትም?

ሬንዞ፦ "ፈራሁ" ለማለት እኮ መጀመሪያ ዝም ማለት ያስፈልጋል። ያ ደግሞ አልተሰጠኝም። ስምንት ቀን ሙሉ ሌላ ነገር አላሰብኩም፤ የሷን ስኳር ብቻ። በኔ ቢሆን እችለው ነበር። እሷ ግን ምን አጠፋች?

ዌንደል፦ (ጥቂት አሰበና) የሷ ስኳር ነው የምትለው?

ሬንዞ፦ ታዲያ የማን ልበለው?

ዌንደል፦ (ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እጁን የሬንዞ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ) ሬንዞ፣ እንዲህ ዓይነት ሰው መሆንህን አላውቅም ነበር።

ሬንዞ፦ ምን አልኩ ደግሞ? (ተነስቶ አምስተኛውን ብርጭቆ ውሃ ጨለጠ) በል ዶሮው መጥበሻ ላይ ይውጣ! በወይራ ዘይት፣ ሁለቱም ገጹ ወርቅ እስኪመስል። ማንም እንዳይነካካው!

ዌንደል፦ እኔ አልነካሁትም። ስድስት ጊዜ የገለበጥከው አንተ ነህ።

ሬንዞ፦ እኔ ስገለብጠው ምርመራ ነው። አውጣውና ነጭ ሽንኩርቱን አስገባ፣ ቲማቲሙን አስከትል። አሁን ክሬሙን! እሳቱን ልቀቀው፣ ይንተክተክ!

ዌንደል፦ ክሬም ኃይለኛ እሳት ካገኘው ውሃውና ቅባቱ ይለያያል።

ሬንዞ፦ እነሱ እንደቆየ ትዳር ናቸው። ምንም አይለያያቸውም!

ዌንደል፦ አንዱ የቆየ ትዳርማ ፒትስበርግ ነው።

(ሬንዞ እሳቱን ቀነሰ። ፎርማጆው ገባ፣ ቆስጣው ገባ፣ ዶሮው ተመልሶ ገባ፤ ወጥ ቤቱ በጥሩ ሽታ ታወደ። ከዚያ ዱባው ወጣ። ዌንደል በሹካ ጫር ሲያደርገው ውስጡ ቢጫ ክር እየሆነ ተተረተረ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ አብረቅራቂ ክር።)

ሬንዞ፦ የሰማይ ያለህ! ስፓጌቲ ነው!

ዌንደል፦ ነገርኩህ እኮ።

ሬንዞ፦ ርዝመቱስ! በቁመቱ ቆርጠነው ቢሆን...

ዌንደል፦ ያጥር ነበር። ክሩ ዙሪያውን ነው የሚጠቀለለው።

ሬንዞ፦ እኮ! ለዚህ ነው በወርዱ ቁረጠው ያልኩህ። (አንድ ሹካ ጠቅልሎ፣ ከክሬሙ አስነክቶ ጎረሰ። አኘከ። ዓይኑን ጨፈነ።) አያቴ ይቅር ይበሉኝ።

ዌንደል፦ መጥፎ ነው?

ሬንዞ፦ ጥሩ ነው። ችግሩ እሱ ነው።

(በዚህ ጊዜ በሩ ተከፈተ። ሮዛሊ ናት። አጠር ያለች፣ ፀጉሯ ሽበት የወረረው፣ ከዓይኗ ምንም የማያመልጥ ሴት ናት። ትከሻዋ ላይ ካንጠለጠለችው ቦርሳ በቀር ባዶ እጇን ነው፤ ካፖርቷን እንኳ አልፈታችም።)

ሮዛሊ፦ ይሄ ሽታ ከዚህ ቤት ነው የሚመጣው? ማነው ያበሰለው?

ሬንዞ፦ እኔ። (ዌንደልን አየት አድርጎ) እኔና እሱ። (ሽርጡን እየፈታ) እሱ።

ሮዛሊ፦ ምን ነካህ፣ ደህና ነህ?

ሬንዞ፦ ሮዛሊዬ፣ ከመቀመጥሽ በፊት አንድ ነገር ልበል። ያን ቀን አጥፍቻለሁ። ፈርቼ ነው። ካሁን በኋላ አንቺ ዱባ ከበላሽ እኔም ዱባ እበላለሁ። ቤት ውስጥ የነበረውን ፓስታ ሁሉ አንድ ሳይቀር ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቻለሁ። መርፌ ካስፈለገሽ እኔ እወጋሻለሁ፤ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ብርቱካን ላይ ስለማመድ ሰነበትኩ። እግርሽን ማታ ማታ እኔ ራሴ አይልሻለሁ። ስኳርሽን አብረን እናስታምመዋለን።

ሮዛሊ፦ የማንን ስኳር?

ሬንዞ፦ ያንቺን።

ሮዛሊ፦ እኔ ስኳር የለብኝም።

ሬንዞ፦ እንዴ! ሐኪሙ ደወለ፣ አነሳሽ፣ ወረቀት ላይ ጻፍሽ...

ሮዛሊ፦ (ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠችው) አንብብ። ድምፅህን ከፍ አድርገህ።

ሬንዞ፦ (መነጽሩን አጥልቆ) "ስኳር የተገኘበት፦ ሬንዞ።" (ወረቀቱን ገለበጠው፤ ጀርባው ባዶ ነው። እንደገና ገለበጠው።)

ሮዛሊ፦ ምን ትፈልጋለህ?

ሬንዞ፦ ያንቺን ስም።

ሮዛሊ፦ ሁለታችንም ነበር የተመረመርነው፤ እኔ ነፃ ነኝ። "ልጨርስ" ያልኩህ እሱን ልነግርህ ነበር። በስልክ ስንቴ "ነገሩ ገባህ ወይ" አልኩህ?

ሬንዞ፦ ገብቶኝ ነበራ! የገባኝ ሌላ ሆኖ ነው እንጂ። (ወደ ዌንደል ዞሮ) አንተ ታውቅ ነበር?

ዌንደል፦ ሮዛሊ የሄደች ዕለት ነግራኛለች። "ዓይንህን ከሱ ላይ እንዳትነቅል" ብላኝ።

ሬንዞ፦ ታዲያ "የሷ ስኳር" ስልህ ለምን ዝም አልከኝ?

ዌንደል፦ ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናቸው ማለትህ መስሎኝ። ያለቀስኩት እኮ ለሱ ነው። ይሄን ሁሉ ውሃ እየጨለጥክ፣ ሽንት ቤት እየተመላለስክ፣ የማታውቅ መሆንህን እኔ በምን ልወቅ?

(ሬንዞ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ወረቀቱን በሁለት እጁ እንደያዘ ነው። ስምንት ቀን ሙሉ ለሚስቱ ይዞት የሰነበተው ፍርሃት አሁን ወደ ራሱ ዞሮ ሲመጣ፣ የሚገርመው፣ ቀለል ብሎ አገኘው።)

ሮዛሊ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ልቀቀውና ስማኝ። ገና ጅምር ነው ብሏል ሐኪሙ። አፍህን ከቆጠብክ ትድናለህ።

ሬንዞ፦ ከምግብ ነው ከወሬ?

ሮዛሊ፦ ከሁለቱም። (ጎንበስ ብላ አየችው) በብርቱካን ተለማመድኩ ነው ያልከው?

ሬንዞ፦ አንድ ሳጥን ሙሉ።

ሮዛሊ፦ (ፊቷን ወደ መጥበሻው አዞረች፤ ዓይኗን ለመጥረግ ይሁን ወጡን ለማየት አልለየም) ከታች ያለውንም አንብብ።

ሬንዞ፦ "ሩዝም ይቀነስ። በምትኩ ከአበባ ጎመን የተሠራ ሩዝ።"

(ሮዛሊ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ የማይቀረውን ንግግር ጠበቀች። ዌንደልም ወንበር ሳበ። ሬንዞ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ፣ ደረቱን ነፋ፣ አፉን ከፈተ።)

ሬንዞ፦ ዌንደል፣ የአበባ ጎመን እንዴት ተደርጎ ነው ሩዝ የሚሆነው?

ዌንደል፦ አላውቅም።

ሬንዞ፦ (መነጽሩን አውልቆ) እኔም አላውቅም።

(ሮዛሊ በአርባ አንድ ዓመት ትዳሯ ይህን ቃል ከዚህ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ካፖርቷን አወለቀች፤ ሦስት ሳህን አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።)

ሮዛሊ፦ በል ሂድና ሻንጣዬን ከመኪናው አውርድልኝ።